በእግር ወደ አክስትህ ቤት

የሆዴ ፍሬ ሙዕተዝ፣ አላህ የምትረግጠውን መሬት ያለስልስልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ወፍራም ካልሲ ታደርጋለህ አይደል?

አምና በኢድ አባትህ ከልብ ሕመሙ ገና ስላላገገመ፣ የአክስትህን ቤት ደረጃ መውጣት አቅቶት መኪና ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ነፍቶ ተመለሰ። አክስትህ ናይፋ ከሰገነቷ ላይ፣ «ወንድም እህቱን በጥሩምባ ነው እንዴ የሚጠይቀው?» ብላ የሰልትን ከተማ በሙሉ አሰማችበት።

ዘንድሮ ሐኪሙም ይራመድ ስላለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብረነው በእግር ወጣን። ሲደክመው እናሳርፈዋለን፤ ባረፍንበት ደጃፍ ሁሉ ግን «ሳትቀምሱማ አታልፉም!» እያሉ ተምር የተሞላ የመዓሙል ብስኩት ያጎርሱናል። ናይፋ ቤት የደረስነው ጠግበን ነው። እሷ በሩ ላይ ስታየው አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ ሳህኗን አቅርባ፣ «የሰው ቤት በልተህ የእኔን ልትተው?» አለችው። በላ፤ ምን ያድርግ!

አሁን በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከአባትህና ከእህትህ ከሲዋር ጋር እስከ አስፋልቱ ወርደን እንመለሳለን። የማለከልከው እኔ ሆኛለሁ።

ልጄ፣ አላህ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ ታክሲውን እስከ ቤታችን አታስወጣው፤ ታች ዳቦ ቤቱ ጋ ውረድ። አባትህ በእግሩ ወርዶ ሊቀበልህ ነው። ሻንጣህን ልያዝ ካለህም አትከልክለው፤ ቀላሏን ስጠው።

እናትህ