በመብራቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከሰዓት

ኮምፒውተር ላይ በኮድ የምሠራው የፋኖስ ብርጭቆ ዛሬም ሆዱ አበጠብኝ። አራት ነጥብ፣ አንድ ኩርባ። ቲ የምትባለዋ ቁጥር ከዜሮ ወደ አንድ ስትሄድ መስመሩ ከአፉ እስከ ግርጌው ይወርዳል፤ ከዚያ ኩርባውን ዙሪያውን ማሽከርከር ነው፣ ብርጭቆ ይወጣል። ሁለተኛውን ነጥብ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ተስተካከለ! መቅደስ አጨበጨበችልኝ፤ ዶርምም የመመረቂያ ፕሮጀክትም የምንጋራው ከሷ ጋር ነው። የምናቀርበው የፊታችን ሰኞ። የወልድያ ሙቀት ዛሬ አይቻልም።

ማክ.፣ ግን. 5። ማታ 1 ሰዓት

መብራቱን ውስጡ አስገባሁ። በራ። ግን ዙሪያውን ቀለበት አለው፤ ውስጡ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ቀይ። እኔ ቀለበት አላዘዝኩም። ብርሃኑን ቀነስኩ። አለ። ነጸብራቁን አጠፋሁ። አለ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ምንም የለም። ግንባሬን ይወጋኛል። ደብተሬ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሐሙስ፣ ግን. 7። ማታ

መቅደስን ጠርቼ ይቺን ቀለበት አጥፊልኝ አልኳት። የቷን ቀለበት አለች። በጣቴ አሳየኋት። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳቀች። ቀልድ መስሏት። እኔም ሳቅሁ። 

ኮሪደር ወጣሁ። አምፖሉም ቀለበት አለው። ኮድ የሌለው አምፖል!

ዓይኔ ነው።

አክስቴ ዘሀራ፣ የአባየ ታላቅ እህት፣ መርሳ የሚኖሩት፣ ዓይናቸው ጠፍቷል። ልጅ ሆኜ ነግረውኛል፤ ሲጀምራቸው መብራት ላይ ቀለበት ያዩ ነበር። ይህን መጻፍ ራሱ ያስፈራኛል።

ዓርብ፣ ግን. 8

እንቅልፍ የለም። ቤት ብናገር እናቴ የምትለውን አውቀዋለሁ። ኮምፒውተሩ ነው፣ ተይው፣ ወደ ቤትሽ ነይ። አባየም እሺ ይላታል። ስለዚህ ዝም። ሰኞ ላቅርብ፣ ልመረቅ፣ ከዚያ... ከዚያስ?

ጠዋት ቀለበቱ አልነበረም። ደስ አለኝ፣ ሞኝ። ሲመሽ ተመለሰ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ በቀኙ ኩርባውን አየሁት፤ ግርጌው ጭጋግ ነው። ዱዓ አደረግሁ።

እሑድ፣ ግን. 10። 9 ሰዓት

ለአክስቴ ደወልኩ፣ ሰላም ልበል ብዬ። ጤናው፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ያ ቀለበት ምን ይመስል ነበር አልኳቸው። ቀዩ ከውጭ ነው? አሉኝ። አዎ አልኩ፣ ሳላስበው።

አለቀሱ። ቆይተው፦ «እኔ እኮ ልጄ፣ ማሽላው ይግባ ብዬ ነው ሐኪም ሳልሄድ የቆየሁት። ማሽላው ገባ። አላየሁትም።»

ስልኩን ዘግቼ አባየ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ ከኋላ ኮምፒውተሩን ስትረግም ይሰማኛል። አባየ አልጮኸም። የመጀመሪያው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል ብቻ አለኝ።

ነገ ደሴ፣ ዓይን ሐኪም ጋ። እኔ ከወልድያ፣ እሱ መርሳ ላይ ይሳፈራል። ማቅረቢያው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። መቅደስ ሰድባኝ፣ አልቅሳ፣ ብቻዬን አቀርባለሁ ብላለች። አስተማሪው ሌላ ቀን አልሰጥም ብሏል። ይቅር። ዓመቱን ድገሚ ካሉኝ እደግመዋለሁ። ዓይን ግን አይደገምም።