ቃል ያንጠለጠሉ አንገቶች

ልጅ አዋቂው «ቲቸር» የሚላቸው መምህርታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከስፌት መኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ ነው። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1969 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁና የአንደኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኑ። በ1974 ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ቲቸር ቃል አያስሸመድዱም ነበር። ከአባታቸው ቤት ባመጡት ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይጽፉና በክር አስረው ለአንድ ልጅ አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። በቃ፣ ልጁ የዚያ ቃል ባለቤት ነው። ቃሉን የፈለገ ጓደኛው በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሠርቶ መለመን አለበት፤ የተሳሳተ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዕረፍት ሰዓት ግቢው ገበያ ይመስል ነበር። ያኔ «ዊንዶው» የሚለውን ቃል የያዘችው ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ሆናም «ዊንዶው!» ሲሏት አቤት ትላለች።

በ1994 ትምህርት ቤቱን አዲስ ርዕሰ መምህር ተረከቡ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። እኚህ ሰው ራሳቸው ቃል አንጠልጥለው ያደጉ የቲቸር ተማሪ ናቸው። ባጎረሱ መነከስ ማለት ይኸው ነው! «ትምህርት ቤት መጫወቻ አይደለም» ብለው ጨርቆቹን ከሕፃናቱ አንገት በገዛ እጃቸው እያወለቁ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉ። ቲቸርንም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩ። ቲቸር ክፍላቸው እንዲመለስላቸው በየዓመቱ ጠየቁ፤ በየዓመቱ እምቢ ተባሉ። ጠመኔ እያደሉ ጡረታ ወጡ።

ርዕሰ መምህሩ ግን ኋላ ያንኑ ዘዴ «የራሴ ግኝት ነው» ብለው መምህራንን አሠለጠኑበት፣ ተሸለሙበትም። አይ ዓይን አውጣነት! ቲቸር ዜናውን በሬዲዮ ሰምተው «ልጆቹ ከተማሩበት ይሁን» አሉ። እሳቸው ይበሉ እንጂ፣ ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅ እስከ ዛሬ አልበረደላትም።

ቲቸር ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ከትምህርት ቤቱ «ለውድ መምህራችን» የሚል አበባ መጥቶ ነበር፤ ቤተሰቡ ከበር መልሶታል። ተማሪዎቻቸው ግን ዊንዶውን አስቀድመው፣ ፀጉራቸው የሸበተው ሳይቀር፣ ዛሬ ቃላቸውን በጨርቅ ጽፈው አንገታቸው ላይ አጥልቀው ቆመዋል። ከመካከላችን አንገታቸው ባዶ የሆነ አንድ ሰው አሉ፤ ማን እንደሆኑ አንናገርም።

ቲቸር፣ ክፍልዎን የነፈገዎት ሰው ነው፤ ፈጣሪ ግን ማረፊያ አይነፍግዎትም። ነፍስዎን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።