ጨጓራዬን በሽማግሌ ለጠየቁ ሥራ አስኪያጅ

ጥቅምት 14 ቀን
ለክቡር አቶ ደምመላሽ ሙላቴ
የወርቃማ ደጅ ልዩ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ካሉበት ቦታ ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ከቢሮዎ ፊት ለፊት እስከነ ላስቲኩ የቆመው አዲሱ ጀኔሬተር እንዴት ሰንብታችኋል? እኔን የጠየቁ እንደሆነ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሙሉ አካሌ አለሁ፤ ጨጓራዬም እስከዚህች ደቂቃ ከእኔው ጋር ነው።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ የምስራች ደሴ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሥራ አንዱን ኩዌት በሰው ቤት አሳልፌ ተመልሼ እዚሁ ከተማ የእህል ወፍጮ ከፍቻለሁ። ክብደቴ መቶ ሠላሳ አራት ኪሎ ነው። አገሬው ሲያየኝ ተመችቶሻል ይለኛል፤ የተመቸኝ ግን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደረጃ የማይወጣ ጉልበትና ተኝቼ ሳለሁ የሚቋረጥ ትንፋሽ ነው። የመንግሥት ሐኪሞች ክብደቱ ካልቀነሰ ሃምሳ ዓመት መድረሴን እንደሚጠራጠሩ በግልጽ ነግረውኛል። ስለዚህ የእርስዎ ማዕከል ጨጓራን ቆርጦ የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ሊጀምር ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ የባሕር ዳር መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት በሚዘጋበት ዘመን ሞትና መዳኔን እዚሁ ሰፈሬ መጨረስ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ያለብኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሚዛንዎ አመሰግናለሁ። ከልክ በላይ የወፈረን ሰው ለማከም የተቋቋመው ማዕከልዎ ያለው ሚዛን መቶ ሃያ ኪሎ ላይ ስለሚያበቃ፣ ሠራተኞችዎ በታላቅ ትሕትና አስፋልቱን አሻግረው እህል በረንዳ ወሰዱኝና ጤፍ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆሙኝ። ከእብናት እህል ጭነው የመጡ ነጋዴዎች መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዱማ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪሎዬን ለመደበቅ የምደክመው ድካም ቀርቶልኛል።

ሁለተኛ፣ በበርዎ ላይ በትልቁ ስለተጻፈው «ከአንድ ሺህ በላይ ስኬታማ ቀዶ ሕክምና» አመሰግናለሁ። ቀዶ ሐኪምዎ ዶክተር አለምነው ሲመረምሩኝ እርስዎም ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀምጠው እንደነበር ያስታውሳሉ። እኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ። ወደ ወፍጮዬ የሚመጣ ገበሬ እንኳ ጤፉን ከማፍሰሱ በፊት ድንጋዩ መቼ እንደተወቀረ ይጠይቀኛል፤ እኔም ይህንን የጨጓራ ሥራ በገዛ እጅዎ ስንት ጊዜ ሠርተዋል አልኳቸው። ወጣቱ ሐኪም አፋቸውን ሲከፍቱ እርስዎ ቀደሟቸውና ሺህ ማለፉን አበሠሩኝ። ስወጣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ አንዲት የሐሙሲት እናት ባለፈው ሳምንት የተገረዘ ልጇን አቅፋ ቁስሉን ልታሳይ ተቀምጣለች፤ የካርድ ክፍሏ ልጅ ደግሞ መዝገቡን ገልጣ የሕፃኑን ተራ ቁጥር አነበበችላት፤ አንድ ሺህ ሃያ ሦስት። ብጠይቃት ግርዛቱም፣ የፈነዳው እባጭም፣ የተሰፋው ጣትም እንደሚቆጠር ያለ አንዳች ክፋት አስረዳችኝ። ሕፃኑን እንኳን እግዜር ማረው እላለሁ፤ የእኔ ጨጓራ ግን ከእሱ ቀጥሎ መሰለፉን አላወቅሁም ነበር።

ሦስተኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሱኝ። አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ከቢሮዎ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ለጥያቄዬ መልስ በመስጠት ፈንታ ሽማግሌ ላኩ። ወደ እኔም አይደለም፤ ከጉና ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች ወደሚያርሱት ወደ ሰባ ስድስት ዓመቱ አባቴ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በኮንትራት ሚኒባስ ሄዱና ደጃፍ ላይ ቆሙ። መሪያቸው አያ አስናቀ ነበሩ፤ በከተማችን ስንት የተጣላ ያስታረቁ፣ ስንት ጎጆ ያቆሙ ሰው ናቸው። እርስዎ የቤተሰብ ፈቃድ ጠይቁልኝ አሏቸው እንጂ እንዴት እንደሚጠየቅ አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም በሚያውቁት መንገድ ጠየቁ። ልጅዎን ፈልገን መጥተናል አሉ፤ ግቡ ቢባሉም ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ።

አባቴ ይህን ቃል አሥራ አምስት ዓመት ጠብቀዋል። እህቶቼ ሁሉ ሲዳሩ እኔ በሰው አገር ስለነበርኩ፣ ስመለስም ዕድሜዬ ስለሄደ፣ በአፋቸው ተናግረው ባያውቁም በሆዳቸው የሚያዝኑበት ነገር ነው። ልጁ ማነው ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ አንዲት ውሸት አልተናገሩም፤ ዶክተር ነው፣ የተማረ ነው፣ የይፋግ ልጅ ነው፣ እጁ ንጹሕ ነው፣ እሷንም አግኝቶ በደንብ አነጋግሯታል አሏቸው። የይፋግ ሰውማ ደኅና ሰው ነው ብለው አባቴ አለቀሱ። ለዘመን መለወጫ ያሰቡትን በግ አረዱ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ሲበላና ሲጠጣ ቆይቶ ወረቀት ሲወጣ፣ ማንበብ የማይችሉት አባቴ ዘንድሮስ ጋብቻውም በወረቀት ሆነ ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ተጫኑበት። ያ ወረቀት፣ ክቡር ሆይ፣ በማደንዘዣና በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሞት ቢደርስ ማዕከሉ እንደማይጠየቅ የሚገልጸው የስምምነት ቅጽዎ ነው።

ቅዳሜ ለዘመን መለወጫ ስሄድ የመንደሩ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ እያለ ተቀበለኝ። ለአባቴ የፈረሙት ምን እንደሆነ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሆድሽን ነው የሚቀድዱት? አሉኝ። ከዚያ ወጥተው ከበረት ጥግ ተቀመጡ፤ ምሳ ቀርቦ እንቢ አሉ። እንግዶቹም ቀስ በቀስ እየተነሡ ሄዱ። አያ አስናቀ ነገሩ ሲገባቸው በማግሥቱ በራሳቸው እግር ተመልሰው አባቴ እግር ላይ ወድቀዋል፤ ከማዕከልዎ በኩል ይቅርታ የጠየቀ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ሠራተኛዎ አይደሉም። እርስዎ ግን ታሪኩ ሲነገርዎ ዓይንዎ እስኪያነባ እንደሳቁ ሰምቻለሁ። እኔ ተጸየፍሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ማጌጫ የተናገርኩት ቃል ቢኖር ይኸው ነው፤ ተጸየፍኩዎ።

አራተኛ፣ ስለ ቀጠሮው። ከበዓሉ በኋላ ከቢሮዎ ተደውሎ ቤተሰቤ ስለፈቀደልኝ ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳልበላ እንድመጣ፣ ሪባን የሚቆርጡ እንግዶችና ካሜራም ስለሚኖሩ የጸዳ ነጠላ እንድይዝ ተነገረኝ። ከሆዴና ከሪባኑ የትኛው እንደሚቀድም ግን አልተገለጸልኝም።

አምስተኛውን ቁጥር ለእርስዎ አልሰጥም፤ የዶክተር አለምነው ነው። ረቡዕ ዕለት ወፍጮው እየሠራ ሳለ መጡና ዱቄት እየተነሰነሰባቸው በር ላይ ቆሙ። ሞተሩን አስጠፋሁ። ቃላቸውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «እትዬ የምስራች፣ በገዛ እጄ የሠራሁት ሁለት ነው፤ ሁለቱንም መምህሬ አጠገቤ ቆመው። አሥራ ሁለት ጊዜ ረድቻለሁ። የእርስዎን እዚህ ብቻዬን አልሠራም፤ የተሰፋው ቢያፈስ የምናስተኛበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል የለንም። ነገ አይምጡ።» በማግሥቱ እኔ ስቀር እርስዎ ከሥራ አስወጧቸው፤ በርዎ ላይም በራሳቸው ፈቃድ ለቀዋል የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት ብነግርዎ አይገባዎትም። ቢላ እፈራለሁ። ሁለት ትንሽ ቁጥር ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ጤፍ የፈጨ ሰው ወፍጮዬን እንዲነካ አልፈቅድም። በሌላ በኩል በየሌሊቱ የሚቋረጠው ትንፋሼ ውሳኔዬን ቆሞ አይጠብቅም። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ባሕር ዳር ሄድኩ። ዶክተር አለምነው ወደ ተማሩበት ሆስፒታል፣ ወደ መምህራቸው ተመልሰዋል። መምህሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቃላቸው አጭር ሰው ናቸው። ሳልጠይቃቸው ከሁለት መቶ በላይ መሥራታቸውን፣ ሁለት ሰው እንደሞተባቸውና እያንዳንዳቸው በምን ምክንያት እንደሞቱ ነገሩኝ። ከዚያ ቢላውን እኔ ልያዝ ወይስ አለምነው ይዞ እኔ ከፊቱ ልቁም ብለው ጠየቁኝ። አንድ ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኩና ለአባቴ ደወልኩ። አባቴም ያ ልጅ ለአንቺ ብሎ እንጀራውን አጥቷል፣ ምን ትጠይቂዋለሽ አሉኝ።

እኔ ግን የምጠይቀው ነበረኝ፤ ወደ ዶክተር አለምነው ሄጄም ጠየቅኋቸው። ሥራው መሐል ላይ ቢያቅትዎ ምን ያደርጋሉ አልኳቸው። ቢላውን አስቀምጬ ለመምህሬ ቦታ እለቃለሁ አሉኝ። ይህን ብዙ ሰው ሊለው ይችላል፤ እሳቸው ግን ወፍጮዬ በር ላይ ቆመው ሲያደርጉት አይቻለሁ። ስለዚህ መርጫለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ውድ ጊዜዎን እንዳልሻማ በአንዲት ልመና እደመድማለሁ። የአባቴ አውራ ጣት ያረፈበትን ወረቀት እስከ መጪው ዓርብ ወደ ወፍጮ ቤቴ ይላኩልኝ፤ አባቴ ማቃጠል ይፈልጋሉ። ከኅዳር ሦስት በኋላ ስላለው ጊዜ ዋስትና የለኝም፤ በዚያ ቀን ባሕር ዳር ቀዶ ሕክምና ክፍል እገባለሁ። ዶክተር አለምነው በገዛ እጃቸው የሠሩት እስካሁን ሁለት ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

በሽማግሌ ተጠይቃ ያልተገኘች፣ በእህል ሚዛን ተመዝና ያልተሸጠች፣ ለክብርዎ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት ያላት

የምስራች ደሴ
ከደብረ ታቦር

ማስታወሻ፦ አያ አስናቀ በአባቴ ቤት ጠንቃቃነትዎን ሲያወድሱ፣ ባለፈው ዓመት የሐሞት ጠጠርዎን ሊያስወጡ ሕንድ ድረስ እንደሄዱ፣ ከመሄድዎም በፊት ሐኪሙ ይህን ሥራ በእጁ ስንት ጊዜ እንደሠራ ከአራት ሆስፒታሎች በጽሑፍ መልስ እንዳስመጡ ተናግረዋል። እንኳን እግዜር ማረዎ። ለእርስዎ አራቱም ቁጥሩን ጽፈው ላኩልዎ፤ አንድስ እንኳ ወደ አባትዎ ሽማግሌ የላከ አለ?