የማርኮ ምደባ

ሰኞ

ጥፋተኛው ሃርዊክ ነው። ማርኮ አይደለም። ሃርዊክ የቤዝቦል ቡድናችን አስተዳዳሪ ነው፤ ላይ ተቀምጦ ተጫዋች ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ማን እንደሚጫወት ይወስናል። ዛሬ በስምንተኛው ዙር ኳስ ወርዋሪያችንን ማርኮን አስገቡት። ክርኑ ገና አልዳነም። ሲወረውር እንደሚሳሳለት እኔ ከጋርላንድ፣ ቤቴ ሶፋ ላይ ሆኜ በቲቪ አየሁ። እነሱ እዚያው አርሊንግተን ሜዳው ዳር ቆመው አላዩም። ሁለት ሆምራን ተመታበት፤ ኳሱን ሁለት ጊዜ ከሜዳው አሻግረው ላኩት። ተሸነፍን።

እንዳይረሳኝ ልጻፈው። በገና ሰሞን ሃርዊክ ካቸሩን፣ ኳስ ቀላቢውን፣ ለሌላ ቡድን ትሬድ አደረገው። ማርኮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚወረውረው ለእሱ ጓንት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ክርኑን አመመው፤ «ትንሽ ነው» አሉ፤ ሦስት ወር ተኛ። ከዚያ ሌሎች ሁለት ፒቸሮች፣ እንደ እሱ ወርዋሪዎች፣ ሲጎዱባቸው ሳይድን መለሱት።

ልጄ መሲ ደውላ «እማዬ፣ ደም ግፊትሽን» አለች። ለሃርዊክ ንገሪው አልኳት።

ማክሰኞ

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ብዙ ጊዜ አይደለም።

ዴይ ኬር ነበርኩ። እኛ አዛውንቶች የምንውልበት ነው፤ ጠዋት ቫን ይወስደናል። ቲቪው ድምፁ ተዘግቶ ይውላል። ከሥሩ የሚሮጠውን እንግሊዝኛ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጋሽ መኮንን ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው፣ ዓይናቸው ደክሞ የእኔን አፍ ይጠብቃሉ።

የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከሕፃናት ጋር። እንግሊዝኛውን ግን ከማርኮ ጀርባ፣ ሸሚዙ ላይ ከተጻፈው የአባቱ ስም ነው የተማርኩት። ቬንዳሬስ። በእነሱ ስምንት ፊደል ነው፤ አንዷ ትደገማለች። ሰባት ፊደል የሰጠኝ እሱ ነው።

ዛሬ ያ ስም ሲያልፍ ያዝኩት። ከኋላው «አሳይንመንት» የሚል አለ። እሷን ቃል ማንበብ ከመቻሌ በፊትም በመልኳ አውቃታለሁ። ግሬፕቫይን ሆቴል ክፍል ሳጸዳ፣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው የድልድል ወረቀት አናት ላይ ነበረች። ስሙ አሳይንመንት ላይ የወጣ ሥራ አለው፤ ያልወጣ ወደ ቤቱ።

«ማርኮ ተመደበ» አልኳቸው። አንዷ እልል አለች። ጋሽ መኮንን «የት ተመደበ? ጎሬ እንዳይሆን ብቻ» አሉ።

ለነገ አምባሻ ጋገርኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ወተት አልነካውም።

ረቡዕ

ከሰዓት የዕለቱን ጾም ስንፈታ አምባሻውን ቆረስን። መሲ ከአዲሰን፣ ከክሊኒኳ ወጥታ ልትወስደኝ መጣች። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የእናትሽ ልጅ ማርኮ ተመደበ» አሏት። ስልኳን አየች። ፊቷን ሳይ ገባኝ።

«ሶ፣ እማዬ… ማለቴ፣ እንደሱ አይደለም። ከቡድኑ አውጥተውታል።»

«አሳይንመንት ይላል» አልኳት።

«ይላል፤ ግን ስሙ ብቻ ነው። ጥቂት ቀን ይሰጡታል። ሌላ ቡድን ከፈለገው ይወስደዋል። ካልፈለገው ሪሊዝ ያደርጉታል፣ ያሰናብቱታል።»

ጋሽ መኮንን አፋቸው ውስጥ የነበረውን ዋጡና «እንግዲህ የበላነው የለቅሶ ዳቦ ነዋ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እልል ያለችውም ሳቀች።



ሐሙስ

ዴይ ኬር ቀረሁ። ትከሻዬን አሞኛል አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ሁልጊዜ ያመኛል፤ የሆቴል ፍራሽ ያወረሰኝ ነው። ያኔ ትከሻዬ ሲደክም መጀመሪያ ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ወረወሩኝ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቱ ላይ ስሜን ፈለግሁ። አላነብም ነበር፤ የማውቀው የስሜን መጀመሪያ ብቻ ነው፣ ያቺን እንደ መብረቅ የተሰበረችውን ፊደል። በጣቴ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ወረድኩ። ከኋላዬ የቆመች ሴት «የለሽበትም እኮ» አለችኝ።

ሃርዊክ ዛሬ ቲቪ ላይ ቀርቦ ውሳኔው ከባድ ነበር አለ። ሱፉ ላይ አንድ ጭምድድ የለም።

ዓርብ

መሲ ሁለት ቡድኖች ፒቸር ይፈልጋሉ አለች። የትኛውም ይሁን። የጠላትም ይሁን፤ ብቻ ይውሰዱት።

ለኳስ ወርዋሪ ይሳላል? እኔ እንጃ። ተሳልኩ። ጧፍ ነው፣ ትንሽ።

ቅዳሜ

ማንም አልወሰደውም።

መሲ ደውላ ሳትነግረኝ ቤቴ ድረስ መጣች፤ እንደ መርዶ አርጂ ቁጭ ብላ ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። ክርኑን ፈርተውት ነው አለች። ማን አበላሸውና? አልኳት። «አውቃለሁ እማዬ» አለች። አታውቅም። ሻይ አፍልታልኝ ሄደች።

ስሙ ያለበትን ሸሚዝ አጥቤ አጣጠፍኩት። አልጥለውም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ፊደል የእኔም ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ ጋሽ መኮንን በሩ ላይ ያዙኝ።

«እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ከቀሩ ወዲህ ቲቪው ዲዳ ሆነብን። ሰውዬው ጎሬ ሄደ ወይስ ቀረ?»

«ቀረ። አባረሩት» አልኳቸው። ሳቅ ጠበቅሁ።

አልሳቁም። ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «እኔም ታክሲ ሳልጀምር መጋዘን ስሠራ ደብዳቤ ሰጡኝ። ‹ትራንዚሽን› ይላል። አንባቢ አይደለሁ? ዝውውር ነው ብዬ ለባለቤቴ የምሥራች ነገርኳት። ሰኞ ብሄድ በሩ አልከፈትልኝ አለ።»

«ረቡዕ ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?»

«ሰው ሁሉ እየሳቀ?» አሉ። «ነገ ይምጡ።»

እሄዳለሁ። የሚሮጠውንም አነብላቸዋለሁ፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣ አላውቀውም እላለሁ።

አሁን ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። ሰኞ ላይ «ቡድናችን» ብዬ ጽፌያለሁ። ማርኮ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ክርኑን ማን እንደሚያይለትም አላውቅም። እርሳስ አንስቼ መሃል ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት፣ ና እና ችን፣ ሰረዝኳቸው፤ «ቡድን» ብቻ ቀረ። የሃርዊክን ቡድን ከእንግዲህ ቡድናችን አልልም።