ልቡ ጤነኛ ነው የተባልን ዕለት

የኔ ሰዒድ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ። የደሴ ብርድ እንዳለ ነው። ፒያሳ ያለውን ሱቅህን አከራይቼዋለሁ፤ ዛሬ ጨርቅ ሳይሆን የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል። ወንበርህን ግን ቤት አምጥቻታለሁ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ አእምሮ ጤና ያወራል። ሬዲዮው የሚያወራው ያንኑ ነው፣ ስልኩም ያንኑ። በቀደም አንድ ባለባጃጅ መንገድ ስለተዘጋበት ድብርት ውስጥ ነኝ አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ቀናሁ። አንተ ለዚያ ሁሉ ዝምታህ ያጣኸውን ቃል እሱ ለአንድ መንገድ አወጣው።

አንተ የነበረህ ቃል ልቤን አመመኝ የሚል ብቻ ነበር። እኛም ልብ ሲባል የምናውቀው አንድ ነው፤ ሐኪም ቤት ወስደን በመሣሪያ አስመረመርንህ። ልቡ ጤነኛ ነው ሲሉን እናትህ እልል አሉ፣ ለሰደቃ በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ። አንተ በምርቃቱ መሀል አሚን እያልክ አንገትህን ደፍተህ ተቀመጥክ። ደግመህ ልቤን አላልክም። ቀስ በቀስ ሱቁን ተውከው፣ ኋላም የስኳር መድኃኒትህን ተውከው፤ ስኳሩ ወሰደህ።

አሁን ታናሽ ወንድምህን እንድሪስን ድብርት ይዞታል። እሱ ምን አለበት፣ ለሕመሙ ስም ወጥቶለታል። ሚስቱ ዘይነባ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ እያመጣች ታሳክመዋለች፤ ሲጨርሱ እኔ ዘንድ ምሳ ይበላሉ። እጄ ወጥ ይጨልፋል፣ ሆዴ በቅናት ይቃጠላል። ምነው አበዛችሁት ልላቸው ስንቴ አፌ ላይ መጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ወንበርህ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ገፋ አደረገና ልቤን አለ። ዘይነባ ደክሟት ነው መሰለኝ፣ በቃ አንተ ደግሞ አታብዛው አለችው። ያ የኔ ቃል ነበር፤ ከሷ አፍ ስሰማው አስጠላኝ። እንድሪስም ልክ እንዳንተ አንገቱን ደፋ።

ጭልፋውን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩና የትኛውን ልብህን ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረ፤ ወጡ ቀዘቀዘ፣ የአስር አዛን ተሰማ፣ እሱ አላቆመም። ዘይነባ ታለቅሳለች። እኔ እየሰማሁት፣ ይኼን ሁሉ ሰዒድ ይዞት ሄደ እል ነበር።

የአእምሮ ጤና ወሬ በዝቶ እንደሆነ እንጃ፤ ለኔ የጎደለው ያንተ ወሬ ነው። በዱዓዬ አልረሳህም። ልቤን ያለኝን ሁሉ የትኛውን ብዬ በጠየቅኩ ቁጥርም አስታውስሃለሁ። ቅናቴ ግን አለቀቀኝም፤ ያን ጥያቄ መጀመሪያ መስማት የነበረብህ አንተ ነበርክ።