የአባዬን ብርድ ልብስ የለበሱት ዓሦችሽ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ሳቢ፣ ውኃ አጠገብሽ አድርጊ፣ ልብሽንም ያዝ አድርጊው። በቤታችን ላይ ጨለማ ወርዷል። ዝርዝሩ ይቆየንና፣ ወግ ነውና፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? አብራሽ የምትኖረው ልጅ አሁንም በእንቅልፍ ልቧ ትዘፍናለች? እኛ ካንቺ ናፍቆትና ከምነግርሽ ጉድ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው መብራት ሄዶ ሁለት ዓሦችሽ የሞቱ ጊዜ በስልክ ያወረድሽብኝን ስድብ አልረሳሁትም። እንደ ልማዴ የቀለድኩባቸው መስሎሽ ነበር። እማዬ ናት እኮ። በጨለማ ሆዳቸው እንዳይባባ ብላ የሳምንት ምግባቸውን ባንዴ ደፋችላቸው። ማጣሪያው ቆሟል፣ የተረፈው ምግብ ውኃውን አበላሸው፤ በደግነቷ ፈጀቻቸው። አባዬ ደግሞ በማግስቱ ለጎረቤታችን ለፀጉር አስተካካዩ ቃል ሰጠ፤ ሌላ አንድ ዓሣ ከሞተ የቀሩት ጄኔሬተር ወዳለው ወደ እሱ ቤት ይሄዳሉ አለ። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን እየቆረጠ ስለ ዓሦቹ ጤና ሲጠይቀኝ፣ ውርስ የሚጠብቅ ዘመድ ነው የሚመስለው።

እኔም ማልኩ። አለቃ ብለሽ የሰየምሽው ያ ሆዳም ብርቱካናማ ዓሣ የፀጉር ቤት ጌጥ አይሆንም አልኩ። ለትምህርት ያጣሁት ትጋት ከየት እንደመጣ እንጃ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ውኃው ውስጥ አየር የሚነፋ ትንሽ መንፊያ አፈላልጌ አገኘሁ፤ ሲነሳ እንደ አባዬ ያንኮራፋል። የምግቡን ቆርቆሮ እማዬ የማትደርስበት ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ውኃው እንዳይቀዘቅዝ ለዓሦቹ ገንዳ መጠቅለያ የሚሆን፣ ከቤቱ ሁሉ ወፍራሙን ብርድ ልብስ መረጥኩ። የአባዬ ሆኖ ተገኘ፤ ምን ላድርግ።

ያለ ልምምድ ዝግጅት የለም ብዬ አንድ ምሽት ለማንም ሳልናገር ቆጣሪውን አጠፋሁት። አባዬ የመብራት ሰዎቹን እየረገመ ተቀመጠ፤ እማዬ ሻማ ፍለጋ ጓዳውን አተራመሰችው፤ እኔ ገንዳዬን ጠቅልዬ መንፊያዬን አስነሳሁ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮሃል። አባዬ ቆይቶ ቆይቶ፣ «የነሱ በጋዝ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለ። ሳቄ አመለጠኝ። የቀረውን ጆሮዬ ይንገርሽ።

እንግዲህ ትናንት የምር ሲሄድ ማን ይመነኝ። አባዬ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ «ሂድና መልሰው፣ አንተ ውርጋጥ» አለኝ። ብምል ብገዘት አልሰማኝም። መንፊያውን ብጫነው ጭጭ፤ ለካ እማዬ ድንጋዮቹን አውጥታ ሬዲዮዋ ውስጥ ከታቸዋለች። አለቃ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። እትዬ፣ ያኔ ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። ኩባያ አነሳሁና ውኃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አንቆረቁር ጀመር፤ ውኃ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባልና። ክንዴ ቢዝልም አላቆም አልኩ።

አባዬን ያስደነገጠው ዝምታዬ ነው። ተነስቶ ቆጣሪውን ዳሰሰው፤ ለካ እኔ አላጠፋሁትም። ብርድ ልብሱን አምጥቶ ገንዳውን ጠቀለለው፤ ኩባያውንም ተቀበለኝ። ሰፈሩ መጨለሙን ያየው ፀጉር አስተካካይ ባልዲ ይዞ ሲመጣ፣ አባዬ ማንቆርቆሩን ሳያቆም፣ «ባልዲህን አስቀምጥና የስልክህን መብራት አብራልን። ከዚህ ቤት ዓሣ አይወጣም» አለው። ሰውዬውም አበራልን።

እማዬ ዓይንሽን ለማየት ጓጉታለች፤ ለሬዲዮዋ የራሷ ድንጋይ ተገዝቶላታል። አባዬ እንዴት ነሽ ይልሻል፤ ብርድ ልብሱ እስኪደርቅ ካፖርት ለብሶ ይተኛል። ፀጉር አስተካካዩም ቅር እያለው ሰላም ብሎሻል። አለቃ ጭራውን ይነቀንቅልሻል። ለዘፋኟ ጓደኛሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አሁን ከወንበሩ መነሳት ትችያለሽ። መብራቱ የሄደው ሻይ ተጥዶ እስኪፈላ ያህል ነበር። አለቃም አፉን የከፈተው አየር አጥቶ አይደለም፤ መብራቱ መጥቶ ቆንጠር አድርጌ ብበትንለት ጎርሶ መንገዱን ቀጠለ። ርቦት ነው።

ወንድምሽ
ከቀድሞ ክፍልሽ፣ ከገንዳው ሥር
ጥቅምት 12 ቀን