ክንድ የሚያስገባ እርጥበት

አባዬ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህና፣ ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ አሠሪዬ ከፊሉ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ሳያሳድስ ቆይቶ ስለነበር ከጅዳ ወጥቼ ለለቅሶህ አልደረስኩም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም። ዘርህ ተርፏል!

በሚያዝያ ዝናቡ አንድ ቀን ጣል ሲያደርግ ሰፈሩ ሁሉ ለመዝራት ተሯሯጠ። ወንድሜ ሰይድም በሬ ልጠምድ ነው ብሎ ደወለልኝ። ጎተራ ውስጥ ያለው በመጨረሻው አጨዳህ ራስ ራሱን እያየህ የመረጥከው የማሽላ ዘር ነው፤ እሱ ከጠፋ ሌላ የለንም። መጀመሪያ እንዲቆፍርና እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ካልነካ እንዳይዘራ ነገርኩት። ጅዳ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ማዘዝ ቀላል ነው ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን ተሸውጄ አይቼዋለሁ። የምሠራላት ማዳም ግቢ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለች። ከአስር ሶላት በኋላ በየቀኑ ውሃ ረጨት አደርግላትና አፈሩ ሲጠቁር ጠጣች እል ነበር። ቅጠሏ ይረግፍ ጀመር፤ ማዳምም ተቆጣች። በማንኪያ ብጭረው ከስንዝር በታች ዱቄት ነው! ልጅ ሳለሁ ማሳ ላይ ክንዴን ጉድጓድ ውስጥ ከትተህ፣ የላዩን ፀሐይ ይወስደዋል፣ ሥር የሚጠጣው የታቹን ነው ያልከኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ቱቦውን ሥሯ ላይ ትቼ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ አደረግሁ። አቆጠቆጠችልኝ።

ሰይድ እያጉረመረመ ቆፈረ። ላዩ ጭቃ፣ ታቹ አቧራ። በሬዎቹን ፈታ፤ ሰነፍም ተባለ። ከዚያ ፀሐዩ ከረረና የጎረቤቶቻችን ቡቃያ ጠወለገ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝናቡ ለቀናት ሳያቋርጥ አካፋ። ሰይድም እስከ ክርኑ ጭቃ የለበሰ ክንዱን በቪዲዮ ላከልኝ። ኩሽና ውስጥ እልልታዬን ሳቀልጠው ማዳም ዘመድ የተዳረልኝ መስሏት ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አለችኝ።

አባዬ፣ ማሽላው ታጭዷል፤ ራሱ እንዴት እንደከበደ ብታይ! ሰፈሩም ስለ መጪው ዘር ሲያወራ የጅዳዋ ምን አለች ይላል አሉ። እኔ ምን አውቄ! ያስተማርከኝ አንተ።

ባለፈው ጁምዓ ማዳም መካ ይዛኝ ሄዳ በታላቁ መስጊድ፣ በሐረም ውስጥ፣ ዱዓ አደረግሁልህ። የትም ልሁን የት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ላስታውስህ ቃሌ ነው። ሰይድ ዘራቸው በፀሐዩ ለጠፋባቸው ሁለት ጎረቤቶች አካፍሏቸዋልና፣ በእኛ ቤት ብቻ የነበረው ዘርህ ዛሬ በሦስት ጎተራ ነው።

ልጅህ ዘይነባ